ግራ ትከሻዬ የቀረ ዕለት

ይህን ምስክርነት የምጽፈው ለሁለት ሰው ነው። አንደኛው ዛሬ ደህና ሆኖ ሳለ፣ ነገ አጠገቡ ያለ ሰው አፉ ሲጣመምና እጁ ሲዝል ምን ማድረግ እንዳለበት ያላወቀ ነው። ሁለተኛው በስትሮክ ተመትቶ የተኛና «ከእንግዲህ አበቃልኝ» ያለ ነው። የደረሰብኝን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል እናገራለሁ።

ሙያዬ ውዝዋዜ ማሠልጠንና ሙዚቃዊ ትርኢት ማዘጋጀት ነው። ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ሾላ ገበያ ውስጥ ነው። እናቴ ቅቤ ትነግድ ነበር። እሷ ለጋውን ከበሳሉ ለይታ፣ በኮባ ጠቅልላ ስትደረድር እኔ መደቡ ሥር ቁጭ ብዬ የሰው እግር አይ ነበር። ከገጠር የገባና የከተማ ሰው፣ ሸክም ያለበትና ባዶ እጁን የሆነ፣ ሊገዛ የቆረጠና ዋጋ ጠይቆ የሚያልፍ፣ ሁሉም በአረማመዱ ይለያል። በኋላ ለመድረክ ከሠራሁት ብዙው የተቀዳው ከዚያ መደብ ሥር ነው።

በ1972 ዓ.ም. በአሥራ አምስት ዓመቴ የቀበሌ ኪነት ገባሁ። ያን ጊዜ የኪነት ቡድን የሌለው ቀበሌ ማግኘት ይከብድ ነበር። በየክፍለ ሀገሩም ስማቸው የገነነ ነበሩ፤ የወሎው ላሊበላ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ። አንድ ቡድን በአንድ ምሽት ዘፈኑንም፣ ውዝዋዜውንም፣ አጭር ድራማውንም ይሠራል። ይህ አሠራር ከእኛ በፊት በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተው ከሀገር ፍቅር የመጣ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤት ደግሞ ሰፊ መድረክ ሰጠው።

በአካል ሳላገኘው መምህሬ ያደረግሁት ሰው ተስፋዬ ለማ ነው። የአገር ባህል መሣሪያዎች ቡድን የሆነው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ በሙዚቃ ቀማሪው በሀሊም ኤል ዳብ አማካይነት በአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ከተመሠረተ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ተስፋዬ ገና በወጣትነቱ መሪነቱን ተረከበ። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ በገና፣ እምቢልታ፣ መለከትና ከበሮ በየአገራቸው ለየብቻቸው የሚኖሩ መሣሪያዎች ናቸው። መለከት ሜዳ ላይ ይሰማል፤ ዋሽንት ግን ጸጥታ ይፈልጋል። እነዚህን አንድ መድረክ ላይ አውጥቶ አንዱ አንዱን ሳይውጠው ማጫወት የመሪው ሥራ ነበር። ተስፋዬ ዜማ ይደርሳል፣ ውዝዋዜ ያቀናብራል፣ ቡድን ይመራል። በ2005 ዓ.ም. በዋሽንግተን አረፈ። ከሥራው የያዝኩት አንድ ነገር ነው፦ አዘጋጅ ማለት ፈጣኑን አስታግሶ ዘገምተኛውን የሚጠብቅ ሰው ነው። ይህ ሐሳብ አንድ ቀን ለገዛ አካሌ እንደሚያስፈልገኝ አላውቅም ነበር።

በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው ትልቅ ቡድን በድርቁ ዘመን የረዳንን ዓለም ሊያመሰግን ሲዞር፣ እኔ እዚሁ ልጆች አሠለጥን ነበር። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ የቀበሌ ኪነቶች ተበተኑ። ከእኔ ጋር ካደጉት አንዳንዶቹ ቴአትር ቤት ገቡ፣ አንዳንዶቹ ወደ ውጭ ሄዱ፣ ብዙዎቹ ሙያውን ተዉት። እኔ በየሰርጉና በየምሽት ቤቱ ተወዛዋዥ እያዘጋጀሁ ቆየሁ። በ1988 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሮይስተን ማልዱም ከመቶ በላይ የጎዳና ልጆችን ይዞ አዲስ አበባ ላይ «ካርሚና ቡራና» የተባለውን የሙዚቃ ድርሰት በዳንስ አሳየ። «አዱኛ» የተባለው የዳንስ ቡድን የወጣው ከእነዚያ ልጆች ነው። ወደ ሥራው ከገባሁ ወዲህ የዚያን ያህል ያስገረመኝ ነገር ጥቂት ነው። ሰውነቱ ምንም ያልሠለጠነ ልጅ በትዕግሥት ከተያዘ እንደሚችል አሳየኝ። ከዚያ ወዲህ እኔም የሰፈሬን ልጆች ሰብስቤ ሾላ ላይ ማሠልጠን ጀመርኩ።

ወደ ዕለቱ ልመለስ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ ነው፤ ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ከቅቤ ተራው ማዶ ባለች አዳራሽ የገበያ ቀንን የሚያሳይ ሙዚቃዊ ትርኢት እንለማመድ ነበር። ታሪኩ ቀላል ነው። ከየአገሩ የመጣ ነጋዴ በየራሱ ጨዋታ ይገባል፤ ጉራጌው በእግሩና በእጁ ፍጥነት፣ ምንጃሩ በአንገቱ፣ ወላይታው በወገቡ። መጨረሻ ላይ ሁሉም በአንድ ከበሮ ይገናኛሉ። እኛ የደረስነው ጎጃም እስክስታ ላይ ነበር።

በእስክስታ ሁለቱ ትከሻ እኩል መምታት አለበት። አንዱ ከዘገየ ከአዳራሹ ጫፍ ሆኖ የሚያይ ሰው እንኳ ይለየዋል። ከፊታቸው ቆሜ አሳየሁ። ቀኙ መታ፣ ግራው ዘገየ። ደገምኩት፤ አሁንም ዘገየ። ሕመም አልነበረም። አንባቢ ይህን ልብ ይበልልኝ፦ ራሴን አላመመኝም፣ ደረቴን አልወጋኝም፣ አልዞረብኝም። ትከሻዬ ብቻ ቀረ።

ፊት ለፊቴ ካለው ረድፍ አንድ ሠልጣኝ፣ «እትዬ፣ ግራ ትከሻዎ ቀረ» አለ። ሌሎቹ የቀልዴን መስሏቸው ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ቀረብ ብሎ፣ «እስኪ ሁለቱንም እጅዎን ወደ ፊት ይዘርጉ» አለኝ። ዘረጋሁ። ቀኙ ባለበት ቆመ፣ ግራው ቀስ እያለ ወረደ። «እስኪ ፈገግ ይበሉ» አለኝ። ያልኩ መስሎኝ ነበር፤ የአፌ ግራ ጎን እንዳልተነሳ የተረዳሁት ከእሱ ፊት ነው። ስሜን ከነአባቴ እንድናገር ጠየቀኝ። የአባቴ ስም ላይ ምላሴ ተሳሰረ። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ሰዓት አየ። «ዘጠኝ ከሃያ» አለና ለጓደኛው «ያዝልኝ፣ እንዳትረሳው» አለው። አያቱ በዚሁ በሽታ እንዳለፉ በኋላ ነግሮኛል።

ወሬው ወዲያው ወደ ገበያው ወረደ። እናቴን የሚያውቁ ነጋዴዎች መደባቸውን ለጎረቤት ትተው መጡ። አንዷ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አመጣች። ሌላዋ ውሃ አቀረበች። አንድ ሽማግሌ ከኪሳቸው አስፕሪን አወጡ። «ጋደም ብላ ትረፍ፣ ይለቃታል» ያሉም ነበሩ። ሁሉም ያሉት ከቅንነት ነው፤ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ። ልጁ ግን እያንዳንዳቸውን በትሕትና መለሰ። «ምንም አይቅመሱ፤ መኪና እየመጣ ነው» ብቻ ይላል። ሁለት ሠልጣኞች ደግፈውኝ በሽንኩርቱና በቅመማ ቅመሙ መካከል አለፍን። ተሸካሚዎቹ ሸክማቸውን አውርደው መንገድ ለቀቁልን። መኪናው ከሾላ በእንግሊዝ ኤምባሲ በኩል ወደ ቀበና ወረደ። የቅዳሜ ገበያ መንገዱን ሞልቶት ስለነበር አንዱ ልጅ ወርዶ እየሮጠ ከፊታችን መንገድ ያስለቅቅ ነበር።

ሆስፒታል እንደደረስን ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችው «ስንት ሰዓት ላይ ጀመረ?» ብላ ነው። ልጆቹ አንድ ላይ «ዘጠኝ ከሃያ» አሉ። ጥያቄው ለምን ያን ያህል እንደከበደ በኋላ አስረዳችኝ። ስትሮክ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ነው፤ ሁለተኛው የደም ሥሩ ፈንድቶ ደም ሲፈስ ነው። የተዘጋ ከሆነ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ የሚሰጠው ግን ምልክቱ ከታየ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። የፈሰሰ ከሆነ ያው መድኃኒት ይጎዳል፤ አስፕሪንም እንደዚያው። የትኛው እንደሆነ ደግሞ ሐኪምም ቢሆን ከውጭ አይቶ እርግጠኛ ሊሆን አይችልም፤ የሚለየው በሲቲ ስካን ነው።

የእኔ የፈሰሰ ሆነ። የደም ግፊቴ ሁለት መቶ አሥር በመቶ ሃያ ነበር። ግፊት እንዳለብኝ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ወዲያው ግፊቱን ማውረድ ጀመሩ። ደም መፍሰሱ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሊሰፋ እንደሚችል፣ ቤት ጋደም ብዬ ቢሆን ኖሮ ግፊቱ እንደዚያው ሆኖ እየሰፋ ሊሄድ ይችል እንደነበር ነገሩኝ። ያ ልጅ ሽማግሌውን አክብሮ አስፕሪኑን አስውጦኝ ቢሆን ኖሮስ ብዬ አሰብኩ። ውሃው እንኳ ቀላል ነገር አይደለም። ጉሮሮም አብሮ ስለሚሰንፍ ውሃው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

ያን ሌሊት ፈራሁ። ሞትን አይደለም፤ ነቅቼ ግራ ጎኔን ሳላገኘው መኖርን ነው። ከዚያ ሲነጋ ሥራ ተጀመረና ፍርሃቱ ቦታ አጣ።

ከሆስፒታል ስወጣ መናገር ችዬ ነበር። ግራ እጄ ግን ኩባያ አያነሳም፤ ግራ እግሬ ይጎተታል። ጣቶቼ መሬቱን ስለሚጠርጉ እግሬን ከዳሌዬ አዙሬ እወረውረው ነበር። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ በሁለት ብረት መካከል አቁማ «አንድ፣ ሁለት» እያለች ታስቆጥረኛለች። ዕድሜዬን በሙሉ ሰው «አንድ፣ ሁለት» ያስባልኩ ሰው ነኝ። «አንድ» ስትል ቀኙ ይሄዳል። «ሁለት» ስትል ግራውን አዘዋለሁ፣ አይመጣም። ስትደግምልኝ ቀኙ ቀድሞ ይሮጣል፣ ግራው ጭራሽ ይቀራል። በዚህ ሁኔታ ሳምንታት አለፉ። ጠያቂ ይመጣል፣ ያለቅሳል፣ ይሄዳል። ባለሙያዋ ተስፋ አልቆረጠችም፤ ለውጥ ግን አልታየም።

ነገሩ የተለወጠው ከበሮ መቺያችን ሊጠይቀኝ በመጣ ቀን ነው።

ይህ ሰው ወደ መድረክ ከመምጣቱ በፊት በቆሎ ትምህርት ቤት ያደገ፣ በማኅሌት ከበሮ የመታ ነው። ስራመድ ማየት እንደሚፈልግ ነገረኝ። በቀኜ ዱላዬን ይዤ ከአልጋው እስከ በሩ ለመሄድ ታገልኩ። ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ፣ «እትዬ፣ የያዙት መቋሚያ እኮ ነው» አለ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ቀጠለ፦ «ማኅሌት ሲቆም ማን በጽፋት ይጀምራል? መጀመሪያ ቁም ዜማ ነው፣ ከዚያ ዝማሜ ነው፣ ከዚያ መረግድ ነው፣ ጽፋት መጨረሻ ነው። እርስዎ የሚታገሉት በጽፋት ሊጀምሩ ነው። ከዝማሜ እንጀምር።»

ማኅሌት ላልቆመ አንባቢ ነገሩን ላስረዳ። በቁም ዜማ ሊቃውንቱ ያለ ከበሮ፣ ያለ እንቅስቃሴ ያዜማሉ። በዝማሜ መቋሚያውን ይዘው ሰውነታቸውን ቀስ አድርገው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይጥላሉ። በመረግድ ከበሮው በዝግታ ይገባል፣ እግርም አብሮት ይረግጣል። በጽፋት ምቱ ይፈጥናል፣ ጭብጨባም ይገባበታል። እኔ ይህን ቅደም ተከተል ለሠልጣኞቼ ስንት ጊዜ ነግሬያለሁ፤ የአገራችን ውዝዋዜ ከዝግታ ወደ ፍጥነት እንዴት እንደሚያድግ ማሳያዬ ነበር። ለራሴ እግር ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ያን ቀን አንድ እርምጃ እንኳ እንድራመድ አልፈቀደልኝም። በሩን ተደግፌ፣ ዱላውን ፊት ለፊቴ ተክዬ፣ ወደ ቀኝ ተደፋሁ፣ ወደ ግራ ተደፋሁ። እሱ በለሆሳስ ያዜማል። ወደ ግራ ስደፋ ክብደቴ ግራ እግሬ ላይ ያርፋል። እስከዚያ ቀን ድረስ በዚያ እግር ቆሜበት አላውቅም ነበር፤ ሳላስበው ሁሉን ነገር ለቀኙ ሰጥቼ ግራውን እንደ ዕቃ እጎትተው ነበር። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ያዘ። በየቀኑ ይህንኑ ብቻ አደረግን።

ክብደቱን መሸከም ሲለምድ ከበሮውን አመጣ። አንድ ጊዜ ይመታል፣ ረጅም ዝምታ፣ ደግሞ አንድ ጊዜ ይመታል። «ምቱ ሲመጣ አይደለም እግርዎ የሚነሳው፤ ከመምጣቱ በፊት ነው» አለኝ። ልዩነቱን ያገኘሁት እዚህ ላይ ነው። ባለሙያዋ «ሁለት» ስትል ቃሉ ትእዛዝ ሆኖ ይደርሰኛል፤ ሰምቼ እስካዝ ጊዜው ያልፋል። ከበሮው ግን እኩል ስለሚመጣ ቀጣዩ ምት የት እንደሚያርፍ ሰውነቴ አስቀድሞ ያውቀዋል። እግሬ በዝምታው ውስጥ ይነሳና ከምቱ ጋር ያርፋል። ግራው ተነሳ። ጣቶቼ መሬቱን አልጠረጉም። አረፈ።

የተረዳሁት ሌላም ነገር አለ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ድካሜን ሁሉ በግራው አሳብቤ ነበር፤ ቀኙን ግን ማንም አላስታገሰውም። ጤነኛው ጎኔ እንደ ልማዱ ይቸኩላል፣ የታመመው ሊደርስበት አይችልም። ተስፋዬ ለማ ዋሽንቱ እንዲሰማ መለከቱን ዝም ማሰኘት ነበረበት። እኔም ግራውን ማፍጠኑን ትቼ ቀኙን አዘገየሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እርምጃዬ እርምጃ ሆነ።

ለባለሙያዋ ስነግራት አልተገረመችም። በስትሮክ የተመታ ሰው በምት እየተመራ ቢራመድ አካሄዱ እንደሚሻሻል በጥናት የታወቀ መሆኑን አስረዳችኝና እሷም በስልኳ ምት እየለቀቀች ቀጠለች። ምቱን ከእኔ ፍጥነት ጋር አስኬደችው እንጂ እኔን ከምቱ ፍጥነት ጋር አላስኬደችኝም። ስበረታ ጥቂት ታፈጥነዋለች፣ ስዝል ትመልሰዋለች። ከበሮ መቺያችንም ቤት እየመጣ መረግዱን አላቋረጠም። ጽፋት ላይ ግን እስከ ዛሬ አልደረስንም፤ መድረስም ግድ አልሆነብኝም።

ወደ ልምምድ የተመለስኩት በወንበር ነው። ድሮ በአካሌ አሳይ የነበረውን በቃል መናገር ነበረብኝ። «እንደዚህ» ማለት ቀረና «ትከሻህ ከምቱ በኋላ ነው የሚወርደው፣ አገጭህ ግን አይከተለው» ማለት መጣ። ልጆቹ ከበፊቱ ይልቅ በትክክል መሥራት ጀመሩ፤ እኔን መምሰል ትተው ጨዋታውን ራሱን ያዙ። የገበያው ትርኢት በቀጣዩ ዓመት መድረክ ላይ ወጣ። የጎጃሙን ክፍል የመራው ትከሻዬ መቅረቱን ያየው ልጅ ነው።

ዛሬ ያለ ዱላ ቤት ውስጥ እሄዳለሁ፤ ገበያ ስወርድ እይዘዋለሁ። ግራ እጄ ኩባያ ያነሳል፣ ቁልፍ ግን አይቆልፍም። ግራ ትከሻዬ ይመታል፣ ጥቂት ይዘገያል። የግፊት መድኃኒቴን በየማለዳው እውጣለሁ፤ ደህና ስሆንም አላቋርጠውም፤ ደህና የሆንኩት በእሱ ነውና። ይህን ሁሉ ላሳየኝ አምላክ ምስጋና ይግባው። ሰዓቱን ላልረሳው ልጅ፣ መንገድ ለለቀቁልኝ ተሸካሚዎች፣ ለሐኪሞቼና ለከበሮ መቺዬም ምስጋናዬ አያልቅም።

ለታመመው ወገኔ የምለው ይህ ነው፦ መራመድ ካቃተህ ከመራመድ አትጀምር። ክብደትህን ወደ ደካማው ጎንህ መጣል ብቻ ከቻልክ ለዛሬ ይበቃሃል። ይህንንም ብቻህን ሳይሆን ባለሙያ ባለበት፣ የሚደግፍህ ሰው አጠገብህ ባለበት አድርገው። ጤነኛውን ጎንህን አስታግሰው።

ለጤነኛው ደግሞ፦ የአንድ ሰው ፊት በአንድ ወገን ከወረደ፣ አንድ እጁ ተዘርግቶ መቆም ካቃተው፣ ንግግሩ ከተሳሰረ፣ ሦስቱን አትጠብቅ፤ አንዱ ይበቃል። የጀመረበትን ሰዓት ያዝ። ውሃም፣ ምግብም፣ አስፕሪንም፣ ዳማከሴም አትስጥ። ተኝቶ እንዲለቀው አትጠብቅ። በ907 ወይም በ939 አምቡላንስ ጥራ፤ ካልደረሰ ባገኘኸው መኪና ሲቲ ስካን ወዳለበት ሆስፒታል ውሰደው። የደም ግፊት ደግሞ እንደ እኔ ምንም ሳያሳምም ሊቀመጥ ይችላል፤ የሚታወቀው ሲለካ ብቻ ነው። በየጤና ጣቢያው ይለካል፣ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። ተለክታችሁ የማታውቁ ሁሉ በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ ተለኩ።